«ኮሽን» ያለበት ስደተኛ የሚኒካብ ባጅ ማውጣት ይችላል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ የምኖር ስደተኛ ነኝ። ከአገር የወጣሁት በ24 ዓመቴ ነው። ካርቱም ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሊቢያ ስምንት ወር፣ ፈረንሳይ ካሌ አምስት ወር ቆይቼ ነው እዚህ የገባሁት። ወረቀት አግኝቻለሁ፤ የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁም ሁለት ዓመት አልፎኛል። የመጋዘን የሌሊት ሥራ ሰልችቶኝ የሚኒካብ ባጅ (ቀድሞ ተጠርቶ የሚሠራ መኪና የሾፌር ፈቃድ) ላወጣ አስቤ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ሌላ ከተማ ሳለሁ አብሮኝ ከሚኖር ልጅ ጋር ተገፋፍተን ፖሊስ መጣ። ጣቢያ ወስደውኝ ‹ይህን ፈርምና ትሄዳለህ› ብለው ኮሽን (ያለ ፍርድ ቤት የሚሰጥ የፖሊስ ማስጠንቀቂያ) ሰጡኝ። አስተርጓሚም አልነበረም። ጓደኞቼ ‹ኮሽን ፍርድ አይደለም፣ ፎርሙ ላይ አትጻፈው› ይሉኛል። ካውንስሉ (ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢ አስተዳደር) ደግሞ ከኖርክባቸው አገሮች ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ አምጣ ይላል። ‹እዚህ ከምትለፋ ዎልቨርሃምፕተን አመልክት፣ እዚያ ቀላል ነው› የሚሉኝም አሉ። ከፍጥነት በላይ ነድቼ መንጃ ፈቃዴ ላይ የተያዘብኝ ሦስት የቅጣት ነጥብም አለ። አንድ ጓደኛዬ ፕሪየስ መኪናውን በጥሩ ዋጋ ሊለቅልኝ ነው፤ ቀብድ ልስጠው?»

ወንድሜ፣ ማመልከቻውን ገና አታስገባ። ቀብዱንም ያዘው። ለምን እንደምል ላስረዳህ፤ ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል።

የፈቃድ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ፎርም ተቀብያለሁ፤ አሁን ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል ሆኜ ለሾፌሮች እጽፋለሁ። የምነግርህ ከለንደን ውጭ ስላለው እንግሊዝና ዌልስ ነው። ለንደን የራሷ የ1998 ሕግ አላት፣ ፈቃዱንም የሚሰጠው የከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ስኮትላንድም በራሷ ሕግ ትሄዳለች። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአንተን ጉዳይ የሚገዛው በ1976 የወጣ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ነው። የሕጉ አንቀጽ 51 አመልካቹ «ፊት ኤንድ ፕሮፐር» ሰው መሆኑን ካውንስሉ ካላመነ ፈቃድ አይሰጥም ይላል። ለሥራው የተገባና የሚታመን ሰው ማለት ነው። አነጋገሩን ልብ በልልኝ፦ «ካላመነ» ነው የሚለው። ካውንስሉ አንተ መጥፎ ሰው መሆንህን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ማሳመን ያለብህ አንተ ነህ። ጓደኞችህ የሳቱት እዚህ ላይ ነው። ነገሩን እንደ ወንጀል ክስ አድርገው ያዩታልና «ፍርድ ካልሆነ አይቆጠርም» አሉህ።

እኔ ለአገሬ ሰው ስገልጸው ሽማግሌ መላክን አነሣለሁ። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ስትልክ የልጅቷ ቤተሰብ «ተፈርዶበት ያውቃል?» ብቻ ብሎ አይተውህም። ጠባዩ እንዴት ነው፣ ሲጠጣ ይጣላል ወይ፣ ከጎረቤት እንዴት ይኖራል፣ በቀደመው መንደሩ ምን ይባላል፣ ሁሉንም ያጣራል። ጥርጣሬ ካደረበት ደግሞ ለሰውየው አያደላም፤ ልጅቷን አይሰጥም። የካውንስሉ ሥራ ይኸው ነው። በ2020 መንግሥት ያወጣው የታክሲና የፕራይቬት ሃየር (የሚኒካብ) ደረጃ ኦፊሰሮቹ ራሳቸውን የሚጠይቁትን ጥያቄ እንዲህ ያስቀምጠዋል፦ የምትሳሳለት ሰው፣ በየትኛውም ሁኔታ ላይ ቢሆን፣ በቀንም ሆነ በሌሊት፣ በዚህ ሰው መኪና ብቻውን ቢሄድ ትፈቅዳለህ? ሚዛኑ «አልፈቅድም» ወደሚለው ካዘነበለ ፈቃድ የለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ ብትል፣ ሮዘርሃም የምትባለውን ከተማ ስም ሰምተህ ይሆናል። በነሐሴ 2014 ፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ ያወጡት ሪፖርት ከ1997 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በዚያች ከተማ ቢያንስ 1,400 ልጆች ለወሲብ ብዝበዛ መዳረጋቸውን ገመተ፤ በብዙዎቹ ታሪክ ውስጥም የታክሲ ሾፌሮች ደጋግመው ብቅ ይሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ የሉዊዝ ኬሲ ምርመራ የፈቃድ አሰጣጡን ራሱን ወቀሰ። ከዚያ ወዲህ በየካውንስሉ ያለ ኦፊሰር ፊርማውን ሲያኖር «ነገ ይህ ሰው አንድ ነገር ቢያደርግ ለምን ፈቀድክለት ብባል ምን እላለሁ?» ብሎ ነው የሚያስበው። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ እንዲሁ ነበር የማስበው።

ፍርድ ቤቶችም ከካውንስሎቹ ጎን ቆመዋል። በ1998 በተወሰነው የማኩል መዝገብ፣ በመንገደኛ ላይ ጥቃት ፈጽሟል ተብሎ ተከሶ ነፃ የወጣ ሾፌር ነበር። ካውንስሉ ግን ፈቃድ ከለከለው፤ ዳኛው ሎርድ ቢንገምም ክልከላውን አጸኑት። የፈቃድ ጉዳይ የወንጀል ችሎት አይደለም፤ ካውንስሉ የሰማውን ወሬ ጭምር መዝኖ፣ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ካመነ ይበቃዋል ተባለ። እንግዲህ ነፃ የወጣ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ አንተ ፈርመህ ያመንከው ኮሽን እንዴት ሊታይ እንደሚችል ገምት።

ወደ ኮሽኑ ልምጣ።

በደረጃው መሠረት በሰው ላይ ኃይል በመጠቀም የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ 10 ዓመት ሳይሞላው ፈቃድ ማግኘት የለበትም። ለማታለልና ለስርቆት 7 ዓመት፣ ጠጥቶ ለማሽከርከር 7፣ እየነዱ ስልክ በእጅ ለመያዝ 5 ዓመት ነው የተቀመጠው። ሰው ለሞተበት ወንጀልና ለብዝበዛ በሩ ጨርሶ ዝግ ነው። ኮሽን በእርግጥ የፍርድ ቤት ፍርድ አይደለም፤ በዚህ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ብዙ ካውንስሎች ግን በራሳቸው ፖሊሲ ላይ ኮሽንን ከፍርድ ጋር በአንድ ሚዛን ያስቀምጡታል፤ የማያስቀምጡትም ቢሆኑ አድራጎቱን ያዩታል። ስለዚህ በግልጽ ልንገርህ፦ የተሰጠህ በ«ኮመን አሶልት» (በቀላል የሰው ማጥቃት) ከሆነና ከተሰጠህ ሦስት ዓመት ብቻ ከሆነው፣ ዛሬ ብታመለክት የመከልከልህ ዕድል ያመዝናል። 10 ዓመት የሚለው መመሪያ ነው፣ የማይነቃነቅ ሕግ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ መታየት አለበት። ከመመሪያው ያነሰ ጊዜ ቆይተው ፈቃድ ያገኙ ሰዎች በእኔ እጅ አልፈዋል። ያገኙት ግን ተዘጋጅተው የቀረቡ ናቸው።

አለመጻፉን እርሳው። አንደኛ፣ ለዚህ ሥራ የሚጠየቀው ኤንሃንስድ የሚባለው የዲቢኤስ ማስረጃ፣ ማለትም ሰፊው የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ነው፤ አዋቂ ሆነህ የተቀበልከው ኮሽን 6 ዓመት ሳይሞላው በማስረጃው ላይ ይወጣል። ፖሊስ በመዝገቡ ያለውንና ለጉዳዩ ይጠቅማል ያለውን ተጨማሪ መረጃም ሊጽፍበት ይችላል። ሁለተኛ፣ እያወቁ በማመልከቻ ላይ ሐሰት መጻፍም ሆነ ዋና ነገር መደበቅ በዚያው የ1976 ሕግ አንቀጽ 57 ወንጀል ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ መግፋት የነበረው ነገር መዋሸት ይሆንብሃል። እኔ በጠረጴዛው ማዶ ሳለሁ የወጣትነት ጠብ ያለበትን ሰው አልፌ አውቃለሁ፤ የደበቀውን ግን ያሳለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጠበኛ የነበረ ሰው ሊበርድ ይችላል። ፎርም ላይ የሚዋሽ ሾፌር ነገ አደጋ ሲያደርስ ይነግረናል ብዬ እንዴት ልመን?

እንግዲህ ከማመልከትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ፤ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ፍሬ እሱ ነው። በመዝገብ ላይ በእርግጥ ምን እንደተጻፈብህ እወቅ። ኤክሮ የሚባለው የወንጀል መዝገቦች ቢሮ ስለ ራስህ የተያዘውን መረጃ ስትጠይቀው በነፃ ይሰጥሃል፤ መልሱም በአንድ ወር ውስጥ መድረስ አለበት። «ኮሽን» ብለው የነገሩኝ ብዙ ሰዎች ወረቀቱ ሲመጣ ሌላ ነገር ሆኖ አግኝተውታል። አንዱ ከነጭራሹ አልተመዘገበም፤ አንዱ ማኅበረሰባዊ እርቅ ብቻ ነበር፤ የአንዱ ደግሞ እሱ ካሰበው የከበደ ሆነ። አንተ «ተገፋፋን» ያልከው ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ማሳደድ ወይም ጉዳት ማድረስ ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ሳታየው ማብራሪያ ብትጽፍ ከፖሊሱ ጽሑፍ ጋር ትጋጫለህ፤ ግጭቱ ደግሞ እንደ ውሸት ይነበባል።

«አስተርጓሚ አልነበረም፣ ፈርምና ትሄዳለህ ተባልኩ» ያልከውን በቀላሉ አላልፈውም። ኮሽን የሚሰጠው ሰውየው ድርጊቱን በግልጽ ሲያምን፣ ወደፊት የሚያመጣበት ጣጣ ተነግሮት ሲገባውና በፈቃዱ ሲቀበል ነው። ቋንቋውን ሳይረዳ የፈረመ ሰው ይህን አሟልቷል ማለት ይከብዳል። በዚያው በኤክሮ በኩል መዝገቡ እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻላል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ኮሽኑን የሰጠው ፖሊስ ነው። በቀላሉ ይሳካል አልልህም። ግን ጣቢያው የያዘህን ሰዓት፣ አስተርጓሚ መጠራት አለመጠራቱን፣ ጠበቃ መጠየቅ አለመጠየቅህን የሚያሳየውን የእስር መዝገብና የቃል መቀበያውን ቅጂ አስወጥተህ የወንጀል ጠበቃ ቢያየው፣ የሚያወጣልህ ነገር ሊኖር ይችላል። ይህን ሁሉ ከማመልከቻው በፊት አድርገው፤ ከተከለከልክ በኋላ ዋጋው ግማሽ ነው።

ለምን ግማሽ ሆነ? ይህ ጥያቄ ቀጥታ ወደ ዎልቨርሃምፕተኑ ወሬ ይወስደናል።

ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በእንግሊዝ ከ250 በላይ ፈቃድ ሰጪ ካውንስሎች አሉ፤ ዋጋቸው፣ ፍጥነታቸውና ፈተናቸው ይለያያል። ሕጉ ሾፌሩ በዚያ ከተማ ይኑር አይልም። የሾፌሩ ባጅ፣ የመኪናው የሚኒካብ ታርጋና የኦፕሬተሩ (ጥሪ ተቀብሎ ሥራ የሚያከፋፍለው ድርጅት) ፈቃድ ሦስቱም ከአንድ ካውንስል እስከ ሆኑ ድረስ መንገደኛውን ከየትም አንስቶ የትም ማድረስ ይቻላል። ትልልቆቹ የአፕ ኩባንያዎች በብዙ ካውንስል ፈቃድ ስላላቸው ይህ አይከብዳቸውም። በዚህ ምክንያት የዎልቨርሃምፕተን ፈቃድ የያዙ፣ ግን በዚያ ከተማ የማይኖሩ ሾፌሮች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ማንቸስተር ላይ ቆመህ የመኪና ተለጣፊ ብታነብ ታየዋለህ። ሕጋዊ ነው። እኔ አልወደውም፤ ለሾፌሩም ሆነ ለከተማው ጥሩ ሆኖ አላየሁትም። ኬሲ በሰኔ 2025 ባወጡት አገር አቀፍ ምርመራም ይህ ቀዳዳ እንዲጠብ መክረዋል፤ መንግሥትም ምክሩን ተቀብያለሁ ብሏል። ስለዚህ ዛሬ በሩቅ ካውንስል ፈቃድ ላይ ኑሮህን ብትገነባ መሬቱ ከእግርህ ሥር ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ለአንተ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። «ቀላል» የሚባለው ካውንስል የሚቀለው በፍጥነትና በክፍያ እንጂ በመዝገብ ማጣራት አይደለም። ዲቢኤሱ አንድ ነው፤ የ2020ው ደረጃም ለሁሉም ወጥቷል። ከዚህም በላይ የተከለከሉ፣ የታገዱና ፈቃዳቸው የተሰረዘ ሾፌሮች የሚመዘገቡበት አገር አቀፍ መዝገብ አለ። በ2022 በወጣ ሕግ ከሚያዝያ 27 ቀን 2023 ጀምሮ ካውንስሎች በደኅንነት ምክንያት የከለከሉትን ሰው እዚያ የማስገባት፣ ፈቃድ ከመስጠታቸውም በፊት መዝገቡን የማየት ግዴታ አለባቸው። ስምህ እዚያ ለ11 ዓመት ይቀመጣል። መመዝገብ ብቻውን አያስከለክልህም፤ ሁለተኛው ካውንስል ራሱ ማሰብ አለበት። ሆኖም የመጀመሪያው ሳይዘጋጁ የተጻፈ ማመልከቻ የሚያመጣው ክልከላ የትም ብትሄድ ይከተልሃል። ድሮ እዚህ ተከልክሎ እዚያ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል። ለዚህ ነው አትቸኩል የምልህ።

የፖሊስ ማስረጃውን ነገር ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁና ሰፋ ላድርገው። ደረጃው ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሦስት ተከታታይ ወርና ከዚያ በላይ ውጭ አገር የኖረ ሰው ከዚያ አገር የመልካም ጠባይ ማስረጃ እንዲያመጣ ይላል። ለፖላንድ ወይም ለሕንድ ሰው ይህ የአንድ ወር ጣጣ ነው። ለስደተኛ ግን እሾህ አለበት። ካውንስሉ «ኤምባሲህ ሂድ» ብሎ ሲጽፍ ኦፊሰሩ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ፎርሙ የሚለው ያንኑ ነው። አንተ ግን ከመንግሥቱ ሸሽቻለሁ ብለህ ጥገኝነት የተሰጠህ ሰው ነህ። በስደተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 1 ላይ፣ በራሱ ፈቃድ ወደ ዜግነት አገሩ ጥበቃ የተመለሰ ሰው ከለላው ሊቋረጥ እንደሚችል ተጽፏል። አንድ ወረቀት መጠየቅ ብቻውን እዚያ ያደርሳል አልልም፤ ግን ለአንድ ባጅ ብለህ ያን ጥያቄ በራስህ ላይ ለምን ታስነሣለህ? አገር ቤት ያለ ወንድምህን «አሻራ አውጣልኝ» ብለህ መላክም ያው ነው፤ ስምህን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው እሱ ነው።

መደረግ ያለበት ይህ ነው። ለፈቃድ ክፍሉ በኢሜይል ጻፍ፣ በስልክ አይደለም። ስደተኛ መሆንህን፣ የየትኛው አገር ባለሥልጣን ዘንድ ለመቅረብ የማትችልበትን ምክንያት አስረዳና በምትኩ ምን እንደሚቀበሉ ጠይቅ። ብዙ ካውንስሎች በሕግ ባለሙያ ፊት የሚፈረም ቃለ መሐላ፣ ከሚያውቁህ ሰዎች ደብዳቤና የጥገኝነት ማስረጃ አንድ ላይ ይቀበላሉ። ቃለ መሐላው በ1835 ሕግ የሚሠራ ሲሆን ሶሊሲተር (ጠበቃ) ፊት መፈረሚያው 5 ፓውንድ፣ ለእያንዳንዱ አባሪ ደግሞ 2 ፓውንድ ነው፤ ጽሑፉን እንዲያዘጋጅልህ ከፈለግክ ሒሳቡ ሌላ ነው። በሐሰት መማል ግን እስራት ያስከትላልና የምትጽፋት እያንዳንዷ ወር እውነት ትሁን።

የአንተን አገሮች አንድ በአንድ እንያቸው። ከኢትዮጵያ፣ ከላይ እንዳልኩህ፣ በቃለ መሐላ። ካርቱም በሚያዝያ 2023 ጦርነት ገብቶባታል፤ እዚያ ሄዶ ማስረጃ የሚያወጣ እንደሌለ ለማንም ኦፊሰር አንድ መስመር ይበቃል። ሊቢያ ላይ የነበርክበት ሁኔታ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኑሮ እንዳልነበረ ጻፍ፤ ስምንቱን ወር ግን አትዝለለው። ብዙ ልጆች ሊቢያን መጻፍ ያፍራሉ ወይም ይፈራሉ። በኋላ የጥገኝነት ወረቀታቸው ላይ ያለው ታሪክ ከፎርሙ ጋር ሳይገጥም ይቀርና ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። የካሌው አምስት ወር ግን ምክንያት የለህም፤ የፈረንሳይ የፍርድ መዝገብ ሦስተኛው ቡለቲን የሚባለውን ማስረጃ በኢንተርኔት በነፃ መጠየቅ ይቻላል፣ ውጭ አገር ለተወለደም ይሠራል። እሱን ስታያይዝ የሌሎቹም ማብራሪያ ይታመንልሃል፤ ማግኘት የቻለውን አግኝቷል ያሰኛልና።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛ ሰው ልዩ ጣጣ ስለሆነ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትህ ስም አንድ ቦታ ሰርኔም ሆኖ፣ ሌላ ቦታ የአያትህ ስም ገብቶ፣ ካሌ ላይ ጣት አሻራ ስትሰጥ ደግሞ ፖሊሱ እንደሰማው ተጽፎ ይሆናል። የትውልድ ቀንህም ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲገለበጥ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊዛባ፣ ወይም ጥር 1 ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። የዲቢኤሱ ፎርም የተጠቀምክባቸውን ስሞች ሁሉና የ5 ዓመት አድራሻህን ይጠይቃል። ሁሉንም የፊደል አጻጻፍ ዘርዝር። ኮሽኑ በሌላ አጻጻፍ ከተያዘና አንተ ካልጻፍከው፣ «ሌላ ስም ደበቀ» ለማለት አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። ዲቢኤሱ ሲወጣ በ30 ቀን ውስጥ ማስረጃህን ወቅታዊ አድርጎ በሚያቆየው በአፕዴት ሰርቪሱ ተመዝገብ፤ ካውንስሎች በየስድስት ወሩ የሚያዩት በእሱ ነው፣ ካለፈህ ክፍያውን ትደግማለህ።

ሦስቱ ነጥብ እንቅልፍ የሚነሣ አይደለም። ደረጃው አንድ ቀላል የትራፊክ ጥፋት ብቻውን ፈቃድ አያስከለክልም ይላል። ግን አንተ ላይ ኮሽንና ነጥብ አብረው ይነበባሉ፣ ስለዚህ እስክታመለክት ድረስ ሌላ ነጥብ አትጨምር። ስልክህን በእጅህ እንዳትይዝ፤ 6 ነጥብና 200 ፓውንድ ነው፣ ለባጁ ደግሞ 5 ዓመት ያስቀጣሃል። የመንጃ ፈቃዱ ዕድሜ አያስቸግርህም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ 12 ወር ነው፣ አንዳንድ ካውንስል ግን በራሱ ከዚያ ይጨምራል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድህ ላይ የነዳኸው ዓመት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ አሥር ዓመት ሲኖትራክ የነዳ ሰው ይህን ስነግረው ይናደድብኛል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። የሐኪም ምርመራው ለጭነት መኪና ሾፌር የሚጠየቀው ዓይነት ነው። የእንግሊዝኛ ፈተና መናገርንም መጻፍንም ያካትታል፤ የአካባቢ እውቀት፣ የሕፃናትና የተጋላጮች ደኅንነት ሥልጠና አለ። የመሥራት መብትህን በኢቪዛህ (በኢንተርኔት በተያዘው የመኖሪያ ፈቃድህ) ሼር ኮድ ያረጋግጣሉ፤ ፈቃዱ መደበኛ ዕድሜው 3 ዓመት ቢሆንም የመኖሪያህ ጊዜ ከዚያ ካጠረ ባጁም እዚያው ላይ ያበቃል። የእርዳታ ውሻ ያለው መንገደኛን እምቢ ማለት እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል፣ ትርፍ ሒሳብም መጠየቅ አይቻልም። ይህን የምጠቅሰው ፈተናው ላይ ስለሚመጣ ብቻ አይደለም። ውሻ መኪና ውስጥ አላስገባም ብለው ጣጣ የገቡ የአገሬ ልጆች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እኔ ዘንድ መጥተዋል፤ «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» የሚለውን ሕጉ አይቀበልም። ሐኪም ያረጋገጠው ሕመም ካለህና ካውንስሉ የነፃ መሆኛ ወረቀት ከሰጠህ ብቻ ነው የምትተርፈው።

አሁን፣ ኤክሮው መልስ ሰጥቶህ፣ ኮሽኑ እዚያው አለ እንበል። ለማመልከት ከወሰንክ ጉዳይህ ከኦፊሰሩ አልፎ ወደ ኮሚቴ መሄዱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የተመረጡ የካውንስል አባላት ይቀመጣሉ። እዚያ ሐበሻ የሚሠራውን ስሕተት ልንገርህ። ሰውየው ገብቶ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኪራዩ፣ አገር ቤት ስለሚጦራት እናቱ ይናገራል፤ ኮሚቴው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማውና ይከለክለዋል። ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም። በ2002 ሊድስ ካውንስል ከአንድ ሾፌር ጋር በተከራከረበት መዝገብ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሾፌሩ የቤተሰብ ኑሮ ለውሳኔው አግባብነት የለውም፣ የሚመዘነው የሕዝብ ደኅንነት ነው ብሏል፤ የግል ሁኔታ የሚነሣው አድራጎቱን ለማብራራት ሲረዳ ብቻ ነው። ስለዚህ እንባህን ለቤት አስቀምጠው።

ይልቅ የዚያን ሌሊት ነገር በአንድ ገጽ ጻፍ። ማን ምን አለ፣ አንተ ምን አደረግህ፣ ምን ማድረግ ነበረብህ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ። «እሱ ነው የጀመረው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ ሰርዘው፤ እውነት ቢሆንም ሰርዘው። ኮሽኑ እንዲሰረዝ አመልክተህ ከሆነ ግን ሁለቱ ጽሑፎችህ እንዳይጋጩ ጠበቃው ይያቸው፤ አንዱ ጋ አላደረግሁም ብለህ ሌላው ጋ ተጸጽቻለሁ ብትል ሁለቱም ይወድቁብሃል። የድጋፍ ደብዳቤ ስታስጽፍ ጸሐፊው ስለ ኮሽኑ እንደሚያውቅ ደብዳቤው ውስጥ ይበል። «ጥሩ ምእመን ነው፣ ቅዳሴ አይቀርም» የሚል የቄስ ደብዳቤ በጣም ብዙ አንብቤአለሁ፤ ቄሱ ስለ ጠቡ ካልሰሙ ደብዳቤው ምንም አይመዝንም። የመጋዘኑ ተቆጣጣሪ «ኮሽን እንዳለበት ነግሮኛል፤ በሌሊት ፈረቃ ሰው ሲጮህበት ሲበርድ አይቻለሁ» ቢል ግን አሥር ደብዳቤ ያህላል። አስተርጓሚ ይዤ ልግባ ወይ ብለህ ልትጠይቀኝ ትችላለህ። መብትህ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛህም አብሮ እየተፈተነ መሆኑን አትርሳ።

ከከለከሉህ ውሳኔው በጽሑፍ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ 21 ቀን አለህ፤ ይግባኙ ለማጂስትሬት ፍርድ ቤት ነው። 21 ቀን ማለት 21 ቀን ነው፣ «ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዘገየሁ» አይሰማም። ዳኞቹ ነገሩን እንደ አዲስ ይሰሙታል፤ ሆኖም ለካውንስሉ ውሳኔ ክብደት ይሰጣሉ፣ ስሕተት መሆኑን የምታሳየው አንተ ነህ። ብታሸንፍም ካውንስሉ በቅን ልቦና ከወሰነ የጠበቃህን ወጪ ላይከፍልህ ይችላል። ይህን ሳይነግሩ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች አሉና ጠበቃህን አስቀድመህ ጠይቀው። በሥራ ላይ ያለ ሾፌር ፈቃዱ ቢሰረዝበት፣ ስረዛው ወዲያው ይጽና ካልተባለ ይግባኙ እስኪሰማ መንዳት ይችላል፤ አዲስ አመልካች ግን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ባጁ የተሳካልህ ዕለት ደግሞ ነገሩ አያበቃም። ብትያዝ፣ ብትከሰስ ወይም ብትቀጣ፣ የፍጥነት ቅጣትም ጭምር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለካውንስሉ አሳውቅ። ስታሳድስ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሚሰጥህን ባለ 9 ፊደልና ቁጥር ኮድ ይጠይቁሃል፤ ይህ ከሚያዝያ 2022 የመጣ ግዴታ ነው፣ ግብር ላልተመዘገበ ሾፌር እድሳት የለም።

ስለ ፕሪየሷ። መኪና ባጅህን በሰጠህ በዚያው ካውንስል ታርጋ ሊወጣላት ይገባል፤ እያንዳንዱ ካውንስል ደግሞ ስለ መኪና ዕድሜ፣ ስለ ጭስና ስለ መስታወት ጥቁረት የራሱ ደንብ አለው። የጓደኛህ መኪና በእሱ ካውንስል ታርጋ ስለያዘች በአንተም ታልፋለች ማለት አይደለም። ታርጋዋን ይዛ ከገዛሃት ደግሞ ባጅ ሳይኖርህ ለራስህ ጉዳይ እንኳ ልትነዳት አትችልም። ፕራይቬት ሃየር ሆና የተመዘገበች መኪና ታርጋው እስካለ ድረስ፣ መንገደኛ ባይኖርባትም፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ጭምር፣ ባለ ባጅ ብቻ ነው የሚነዳት፤ ይህን ፍርድ ቤት በ1997 ለይቶታል። ሚስትህም ገበያ ልትወስዳት አትችልም። ጓደኛህ በእውነት ሊያግዝህ ካሰበ ኤክሮው እስኪመልስ ይጠብቅህ፤ ካልጠበቀም ባጁን ካገኘህ በኋላ ታርጋ ያላት መኪና በሳምንት ኪራይ የሚሰጡ አሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በዚያ ትጀምራለህ።